ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ሰባት ክላሲካል አለኝ። «ክላሲካል» ስል ባኽና ቤትሆቨን ትዝ ያላችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ በእኛ አገር ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው። ሬዲዮ ላይ ሰዓት ሲተርፍ የሚለቀቀው፣ ከዜና በፊት የሚሰማው፣ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽሮቹ አበባ መሀል ሲንሸራሸሩ ከሥር የሚንቆረቆረው፣ ሁሉም። ኃይሉ መርጊያ እንኳ በፈረንጆች 1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮንና ኪቦርዶቹን ብቻውን እየተጫወተ የቀዳውን ካሴት ሲሰይመው «ክላሲካል» የምትለዋን ቃል አልዘለላትም። እኔም መንገዱን ተከትዬ፣ ችሎታው ግን ሳይከተለኝ፣ ቀን ቀን የመሥሪያ ቤት ሒሳብ እያመሳከርኩ ማታ ማታ አልበም እሠራለሁ።

ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥን ነው። ልብስ ድምፅ ይመጥጣል ሲሉ ሰምቼ ማይኩን ከባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሶች መሀል ሰቅያለሁ፤ ጋቢ ተከናንቤ፣ ክራሬን ታቅፌ፣ ራሴን እንደ ጠላ ጋን ሸፋፍኜ እቀዳለሁ። የቸገረኝ ቦታ ሳይሆን ሰዓት ነው። ንጋት ላይ አዛኑ አለ፤ ቅዳሴው ይቀጥላል። ረፋዱ ላይ ከታች ያለችው ጎረቤታችን በርበሬ ትወቅጣለች። ከሰዓት ልጆቹ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይነርተዋል። ሁሉም ጸጥ ሲል መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመለስ ፍሪጁ ማንጎራጎር ይጀምራል፤ እሱም በቅኝት ቢሆን ምን ነበረበት! ቁጥር አምስትን ልቀዳ አንድ ማታ ፍሪጁን ነቀልኩት። ቀረጻው አማረልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አለመሰካቴን በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ያስታወሰኝ ሽታው ነው። ሦስት ኪሎ ሥጋ! እስካሁን ከአልበሙ ብዙ ገንዘብ የወጣበት እሱ ነው። ባለቤቴ የሰጠችኝ አስተያየትም ይህንኑ የተመለከተ ነበር። ዛሬ ድረስ ቁጥር አምስትን ስከፍት ከማድ ቤት «ፍሪጁ ነው?» ትለኛለች። ርዕስ ሳላወጣለት ርዕስ ወጣለት።

ቁጥር ሦስት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በባቲ ቅኝት ነው፣ ክራር ብቻ። መሀሉ ላይ ሆን ብዬ ዝም ያልኩባት፣ አንዲት ጅማት ብቻ እየተንቀጠቀጠች የምትጠፋባት ቦታ አለች። እዚያች ላይ፣ ልትጠፋ ጥቂት ሲቀራት፣ ከመንገድ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ገባ። ጥርት ብሎ። 40 ጊዜ ያህል ከቀዳሁት ውስጥ ጣቴ ያልተሳሳተው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ልጥለው አንጀቴ እንቢ አለኝ።

እንግዲህ እነዚህን ሰባቱን ለወዳጅ ዘመድ በስልክ ላክኋቸውና «እውነቱን ንገሩኝ፣ አትሳቀቁ» አልኩ። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከባልደረባዬ ነበር፤ «አሪፍ ነው፣ በርታ!» ይላል። ሰባቱ አንድ ላይ 31 ደቂቃ ናቸው። መልሱ የመጣው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ነው።

«በርታ»ን የምትወዱ ካላችሁ አትቀየሙኝ፣ እኔ ግን ፈርቻታለሁ። በርታ የታመመ ሰው የሚባለው ነው። የከሰረ ሰው ይባላል። ፈተና የወደቀ ልጅ ይባላል። እስቲ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን መትቶ ሲጨርስ ከአዳራሹ አንዱ ብድግ ብሎ «በርታ!» ሲለው አስቡት። ሰው ይሉኝታ ይዞት «አልወደድኩትም» ማለት ሲያቅተው የሚሸሽባት የጓሮ በር ናት። «ቆንጆ ነው» የሚሉኝም አሉ፤ እነዚህ ቢያንስ ከፍተውታል። «በጣም የሚገርም ነው!» ያለኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁለት ቀን በኋላ ደውሎ ገንዘብ ተበደረኝ።

ሙያዊ አስተያየት የሰጡኝም አልጠፉም። አንዱ «ቤዙ አይሰማም» አለኝ። እውነት መስሎኝ ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ ቤዙን ከፍ አደረግሁት። ዋሽንግተን የሚኖረው አብሮ አደጌ መኪናው ውስጥ ከፈተውና «ምነው ጃል፣ መስኮቴን ልታወልቀው ነው እንዴ?» አለኝ። ለካ የመጀመሪያው ሰውዬ ያዳመጠው በስልኩ ድምፅ ማጉያ ኖሯል። ያቺ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ቤዝ ከየት ታምጣ? ከዚያ ወዲህ አስተያየት ከመቀበሌ በፊት «በምን ሰማኸው?» እላለሁ። ብዙው ሰው በምን እንደሰማው ሲጠየቅ ነው አለመስማቱ ትዝ የሚለው።

እናቴን ግን እንዲህ ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። እሑድ ቤቷ ሄጄ ስልኬን ሰጠኋት። የተደወለላት መስሏት ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሃሎ?» አለች።

«ሙዚቃ ነው እማዬ፤ የራሴ ሥራ ነው።»

ደስ አላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሠችና «ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ።

«ዘፋኝ የለውም፤ በመሣሪያ ብቻ ነው።»

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ፣ ሠራተኛዋ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አጥተህ ነው?» አለች። «እንዲያ ከሆነ እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል፤ አንድ ደህና ዘፋኝ ቅጠርበት።» አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ! ወደ ቁጥር ሦስት አለፍን። ያቺ ጸጥታ መጣች፤ ጅማቷ ተንቀጠቀጠች፤ «ቆራሌው!» እናቴ ዘላ ልትነሣ ምንም አልቀራት። «እሰይ፣ ገባ!» አለች። ቀጥላ ጠበቀች፣ ጠበቀች። «ምነው ቶሎ ወጣ? ድምፁ እኮ ደህና ነበር።»

በመጨረሻ የሄድኩት ሰፈራችን ካሉ ሽማግሌ ሳክስፎን ተጫዋች ዘንድ ነው። ድሮ በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬ ትንፋሻቸው ስለደከመ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጆሮ ማዳመጫውን «ይኼ ለሚደበቅ ሰው ነው» ብለው መለሱልኝና ድምፅ ማጉያዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጥን። ሲያዳምጡ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ፣ የሌለ ሳክስፎን ቁልፍ ይጫናሉ። ቁጥር አንድ እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሱም።

«ከበሮውን ማን መታው?»

«ኮምፒውተር ነው፣ ጋሼ።»

«አይደክመውም?»

«አይደክመውም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ!»

ነገሩ ገባኝ። ፕሮግራሙ ላይ እያንዳንዷን ምት ጎትቶ ልክ መስመሯ ላይ የሚያስቀምጥ ቁልፍ አለ፤ እኔም ሥራ ያጸዳሁ እየመሰለኝ ሁሉም ላይ ተጭኜው ነበር። እሳቸው ረከቦቱን በጣታቸው እየመቱ ችክችካውን አሳዩኝ። ስድስት ይቆጠራል፤ ግን አንዷ ምት ለፀጉር ያህል ትዘገያለች፤ አካሄዱ ትንሽ ያነክሳል። ትከሻ የምታነሣው ያቺው ማነከስ ናት። እኔ አክሜ አድኛታለሁ።

በአንቺሆዬ ቅኝት የሠራሁትን ሲሰሙ ፊታቸውን አኮሳተሩ። የኪቦርዱ ድምፅ ቁልፉ ያለበት ቦታ ላይ የተቸነከረ ነው፤ እሳቸው አንዷን ድምፅ ከቁልፉ ትንሽ ዝቅ አድርገው አዜሟት። አዬ! አንዴ ከሰማኋት ወዲያ የእኔዋ የፕላስቲክ አበባ መሰለችኝ። ከዚያ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጃቸውን አነሡ፣ አቆምኩት።

«እዚህ ጋ ፈርተሃል።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሐሳብህ አልቆ ቫዮሊን ጠራህ። እንግዳ ፊት ወሬ ሲያልቅበት ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው አታውቅም?»

ምን ይባላል! እኔም ሰዉ ሁሉ ዘፋኝ የለህም እያለ እንዳስቸገረኝ ስሞታ አቀረብኩ። አላዘኑልኝም። «ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ነው የተጫወተው። ሳክስፎኑ ራሱ ይፎክራል» አሉኝ። «ያንተ ክራር ምን ይላል?» መልስ አልነበረኝም፤ ቡናዬን ጠጣሁ።

ቁጥር ሦስት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ዝም በል» አሉኝና አስደገሙኝ። «ይኼን ሰውዬ እንዳትነካው። በቅኝቱ ነው የገባው» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ቤት ገብቼ በኪቦርድ ፈተሽኩት። መነሻዬን ዶ ካልነው ቆራሌው ያረፈው ሶል ላይ ነው። ጎረምሳው አራት ፎቅ ታች ሆኖ፣ ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ ያለ ልምምድ።

ቅዳሜ ሲያልፍ በመስኮት ጠራሁት። ጆንያውን ይዞ ወጣ፣ ወንበር ሰጠሁት፣ ቁጥር ሦስትን ከፈትኩለት። ካሰማኋቸው ሁሉ አንዴም ስልኩን ሳያይ እስከ መጨረሻው የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። ሲያልቅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ይኼ ቆራሌ የየት ሰፈር ነው? ድምፁ ደከም ብሏል።»

ከዚያ ተነሥቶ ኪቦርዱን አገላብጦ አየው፣ ሁለት ቁልፍ ተጫነ፣ አንዷ እንደማትሠራ ነገረኝ፣ 300 ብር ጠራ። ደረጃውን ከመውረዱ በፊት 350 አድርሶታል። አልሸጥኩም።