ፍተሻ በጉንጭ በኩል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፣

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእናንተና ከሲጋራ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም። ደግመህ አታንብበው፤ ትቻለሁ። ስቀህ ስትጨርስ፣ ሳሉም ሲለቅህ፣ ቀጥል።

ለመተው ያበቃኝ ጽድቅ እንዳይመስልህ። እዚህ ለንደን አንድ ፓኮ ከ15 ፓውንድ በላይ ነው፤ ወደ ብር አትመንዝረው፣ ትታመማለህ። እንደኛ ሰፈር ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ ገዝቶ፣ እዚያው ለኩሶ መንገድ መቀጠል ብሎ ነገር የለም። ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ከ20 ፍሬ ያነሰ ፓኮ መሸጥ ክልክል ነው። ሲጋራው መዝጊያ ተዘግቶበት ነው የሚቀመጠው፤ ስትጠይቅ ባለሱቁ እንደ ኮንትሮባንድ ገርበብ አድርጎ መዘዝ ያደርግልሃል። ፓኮው ሁሉ የጭቃ ቀለም ለብሶ፣ የበሽተኛ ፎቶ ተለጥፎበት አንድ ዓይነት ሆኗል። አንተ የኒያላህን ፓኮ በሸሚዝ ኪስህ እያሳየህ የዘነጥከው ዝነጣ እዚህ አይሠራም።

ብቻ ሰፈሬ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሲጋራ መተው ለሚፈልግ ሰው በነፃ አማካሪ ይመድቡለታል። የኔዋ የልጅህ እኩያ ናት። ትንፋሼን አስይዛ ቆየችና አንዲት ትንሽ መሣሪያ ውስጥ አስነፋችኝ። የምትለካው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ያ ከሰል አንድደው ቤት ዘግተው የሚተኙ ሰዎችን የሚገድለው ጋዝ። ቁጥሩ ከ10 በታች መሆን ነበረበት። የኔን ስታይ ቅንድቧ ከፍ አለ፤ ጨዋ ናትና ምንም አልተናገረችም። ቀጥላ “የሚደግፍህ ሰው አለ?” አለችኝ። ብቻውን ከሚታገለው ይልቅ በአማካሪና በመድኃኒት የሚታገዘው የመተው ዕድሉ እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል አሉ። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮማ በየዓመቱ ኦክቶበር ሲገባ አጫሹ ሁሉ አብሮ የሚተውበት ዘመቻ አላቸው፤ 28 ቀን ነው። ከፍልሰታ ይረዝማል፣ ከሁዳዴ ያጥራል። ፈረንጅ እንኳ ይህችን ጾም ብቻውን አይጾማትም።

“ደጋፊስ ሞልቶኛል” አልኳት። የሀበሻ ድጋፍ ምን እንደሚመስል የት ታውቃለች!

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእቁባችን ዳኛ ለእትዬ። “በምስጢር ይያዙልኝ” አልኳቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ዲያቆኑ ሳይቀር “በርታ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ተለወጠ። በአንደኛው ጉንጭ፣ በሌላኛው፣ ተመልሶ በመጀመሪያው፤ ድሮ ናፍቆት ነበር፣ አሁን ፍተሻ ሆኗል። ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ቆም ብለው አየር ሲስቡ ይሰማኛል። አንዷማ አንገቴ ሥር አፍንጫቸውን ቀብረው ከቆዩ በኋላ “ሽንኩርት ነው” ብለው ለቆሙት ሁሉ አስታወቁ። የመድኃኒት ቤቷ መሣሪያ ባትሪ ትፈልጋለች፤ የኛዎቹ ምንም አይፈልጉም።

ሐራራው አንዴ ሲነሳ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሷን ካሳለፍክ ይለቅሃል ብላኛለች አማካሪዬ። እኔ ደግሞ እንደምታውቀው የሌሊት ጥበቃ ነኝ፣ ሌሊቱም አይገፋ። ሲነሳብኝ ለእትዬ እደውላለሁ፤ እሳቸውም የሆስፒታል ጽዳት የአዳር ፈረቃ ናቸው። “አይዞህ” እንኳ አይሉኝም። በቀጥታ የአባታቸውን ቦታ ክርክር ነው የሚጀምሩልኝ፤ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ፍርድ ቤት። ሰበር ችሎት ሳንደርስ ሐራራው ለቆኛል፤ እትዬ ግን ገና አለቀቁኝም።

የፈተነኝ ቡናው ነው። ለአቦሉ አንድ፣ ለቶናው አንድ፣ ለበረካው አንድ ሲጋራ የለመደ ሰው እጁን ምን ያድርገው? በዚያ ላይ ለካስ የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርግ ኖሯል፤ ሲጋራውን ስትተው ያው የለመድከው ሲኒ ደምህ ውስጥ ይከርማል። “ቡናህን በግማሽ ቀንስ” አለችኝ ልጅቷ። ለእትዬ ብነግራቸው “ሲጋራ ተው ተባልክ እንጂ ቡና ተው ማን አለህ?” ብለው በረካውን ሞልተው ሰጡኝ። ዕረፍት ቀኔ ነበር፤ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

እንቅልፍ ሲገኝም ሌላ ጣጣ አለ። ክንዴ ላይ የምለጥፈውን የኒኮቲን ፕላስተር ሳላነሳው ከተኛሁ ሕልሙ አይጣል ነው። ባለፈው አንተ ነጋሪት እያስጎሰምክ “ሂድና አንዷን ለኩሰህ አምጣ” ስትለኝ አየሁ። ይህኛውን ሕልም ነው ለማለት ግን ይከብደኛል። ማዕድ ቤት ልከህ ከሰል ላይ ስታስለኩሰኝ “እንዳትጠፋ ሳብ ሳብ እያደረግክ አምጣት” ያልከኝ አንተ አይደለህ?

የፓኮዬን ዋጋ በየሳምንቱ እትዬ እጅ አስቀምጣለሁ። ካጨስኩ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ሻማ ይሆናል፣ ካላጨስኩ የኔ ነው። ስለዚህ በመተዌ ቅር የሚለው የሰበካው ገንዘብ ያዥ ብቻ ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር “አልከበደህም?” እያለ በተስፋ ይጠይቀኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አጤ ዮሐንስ አጫሹን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። የዛሬው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይራራል፤ ሕዝብ በሚገለገልበት ቦታ እንዳይጨስ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነም እንዳይሸጥ ነው የከለከለው። ያኔ ቢወጣ ኖሮ እኔን ሱቅ ስትልከኝ ባዶ እጄን በተመለስኩ ነበር። አንተን ግን አዋጅ እንደማይበግርህ አውቃለሁ። ይሉኝታ ነው የሚበግርህ። “ብቻዬን እተወዋለሁ” አትበለኝ፤ ብቻህን የተውከውን ብቻህን ትጀምረዋለህ፣ ማን ያይሃል?

ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ልትተው መወሰንህን ለእማዬ በስልክ ነግሬያታለሁ። ለማንም እንዳትናገር አደራ ብያታለሁና እድሩ እስካሁን ሰምቷል።

ወንድምህ፣ ከለንደን