ቤታ ነው ብለናል እኮ!

በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን እንደ አንድ የሚያንቀሳቅስ ክላስተር ሠርቶ፣ ቅንብሩን ማንም እንዲያዝበት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ኤፒአይ ለማውጣት የተነሣ ኢንጂነር ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥበብ መማር አለበት፦ ቃል ሳይገቡ ማስተማመን። ሕዝቡ ይምጣ፣ ባንኩንም ሱቁንም ይትከልበት። አውጪው በበኩሉ ከስሪቱ ስም ጫፍ ላይ «ቤታ» ብሎ ይጻፍና ሰላም ይደር። ያፈረሰው ቀን መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ቤታ ነው ብለናል እኮ!

በዚህ ጥበብ ኩበርኔቲስን የሚወዳደር የለም። ከጉግል ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ይህ ሥርዓት ኢንግረስ የሚባል ክፍል አለው፤ ከውጭ የሚመጣውን የድረ ገጽ ጥያቄ ወደሚመለከተው አገልግሎት የሚመራው እሱ ነው። ኢንግረስ በ2015 መጨረሻ ቤታ ሆኖ ወጣ። በ2016 ቤታ ነበር። በ2018ም ቤታ ነበር። ቤታው ሲወጣ የተወለደ ሕፃን ፊደል ቆጥሮ ሊጨርስ ሲቃረብ፣ በኦገስት 2020፣ የረጋው ስሪት ደረሰ። ልክ በዓመቱ ደግሞ በኩበርኔቲስ ስሪት 1.22 አሮጌው ተዘጋ። እነሱ ለመወሰን አምስት ዓመት ያህል ወሰዱ፤ ተጠቃሚው የረጋውን ካየ በኋላ ፋይሎቹን ሁሉ ለመቀየር አንድ ዓመት ተሰጠው። ቸርነት ነው!

ለውጡም የስሪት ቁጥር ብቻ አልነበረም። «ሰርቪስኔም» ይባል የነበረው መስመር ለሁለት ተከፍሎ «ኔም» ከ«ሰርቪስ» ሥር ገባ። ፖርቱ በቁጥር ከተጻፈ በአንድ መስመር፣ በስም ከተጻፈ በሌላ መስመር ሆነ። «ፓዝታይፕ» የሚባል ከዚህ በፊት ያልተለመደ መስመርም ግዴታ ሆነ። ትላንት ሲሠራ ያደረ ፋይል፣ ማንም ሳይነካው፣ ስህተት ሆኖ አደረ።

የሲፒዩና የሚሞሪ መለኪያ አሃዶቹም ለብቻቸው መደነቅ ይገባቸዋል። ትንሿ «ኤም» ፊደል ሺኛ ማለት ናት፤ ለሲፒዩ 400 ብሎ እሷን ያስከተለ ሰው የአንድ ፕሮሰሰርን 0.4 ያገኛል። ያው ሰው በዚያው እጁ ሚሞሪው ላይ 400 ሜጋባይት የጠየቀ መስሎት ይህችኑ ፊደል ቢደግማት የጠየቀው 0.4 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል እንኳ አያስቀምጥም። ኤፒአዩ ጨዋ ነውና አይከራከርም፣ «እሺ» ብሎ ይቀበላል። የኩበርኔቲስ ሰነድ ይህንን ወጥመድ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ከማስተካከል ይቀላላ!

ቅንብር የሚያስገባው የ«አፕላይ» ትእዛዝ ደግሞ የተላከውን ፋይል ሙሉ ቅጂ እዚያው ዕቃው ላይ በማስታወሻነት ይለጥፋል። የማስታወሻዎቹ ጠቅላላ ጣሪያ 262,144 ባይት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ሲገዝፍ ሥርዓቱ የሚመልሰው ዕቃው ትልቅ ነው ብሎ ሳይሆን የዕቃው ማስታወሻ ረዝሟል ብሎ ነው። ማስታወሻውን ያልጻፈው ተጠቃሚ ምን ይበል?

ከሁሉ የሚገርመው ግን ኤፒአይ ተብሎ ያልተመዘገበ ነገር ኤፒአይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ማርች 14 ቀን 2023 ሬዲት ለ314 ደቂቃ ወደቀ (ቀኑ የፓይ ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ በልብ ወለድ ቢጻፍ አርታኢ ይሰርዘው ነበር)። ኢንጂነሮቹ ክላስተሩን ከ1.23 ወደ 1.24 ማሳደጋቸው ነበር። በዋና ሰርቨሮቹ ላይ ለዓመታት የኖረው «ማስተር» የሚል መለያ በ«ኮንትሮል ፕሌን» መተካት የጀመረው በ1.20 ሲሆን፣ በ1.24 አሮጌው መለያ በሥራ ላይ ካለው ክላስተር ሳይቀር ተነሣ። የክላስተሩ ኔትወርክ የመንገድ መረጃ የሚያከፋፍሉለትን ሰርቨሮች የሚለየው ደግሞ በዚያው መለያ ነበር። መለያው ሲነሣ ሰርቨሮቹ በየቦታቸው እያሉ የሚያውቃቸው ጠፋ፤ ክላስተሩም ከመጠባበቂያ ቅጂ እስኪመለስ ድረስ ገጹ ተዘግቶ ቆየ።

መቼም ጥፋቱ የለዋጮቹ ሊሆን አይችልም። በለውጥ ማስታወሻው ላይ ጽፈውታል! ጥፋተኛው በየጥቂት ወሩ የሚወጣውን ያንን ማስታወሻ ከዳር እስከ ዳር ያላነበበው ነው። የጉግል ኢንጂነር የነበረው ሃይረም ራይት ተጠቃሚው ሲበዛ የሥርዓቱ የሚታይ ጠባይ ሁሉ፣ በውል ባይሰፍርም፣ የሚደገፍበት ሰው እንደማያጣ ካሳሰበ ቆይቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን የሚያውቅ አበሻ ግን ይህን ለመረዳት ጉግል መቀጠር አያስፈልገውም።

ኩበርኔቲሶችም በመጨረሻ ነቅተዋል። ከ1.20 ወዲህ ቤታ የሆነ ኤፒአይ በዘጠኝ ወር ውስጥ ወይ ይረጋል ወይ በአዲስ ቤታ ይተካል፤ አለዚያ ስንብቱ ይጀመራል። በሜይ 2022 ከወጣው 1.24 ጀምሮ ደግሞ (ያው ሬዲትን የጣለው 1.24 መሆኑ ነው) አዲስ ቤታ ኤፒአይ የክላስተሩ ባለቤት ራሱ ካልከፈተው በስተቀር ተዘግቶ ይመጣል። እዚህ ለመድረስ ከ1.0 በኋላ ሰባት ዓመት ገደማ ፈጅቷል።