ጠቅ ያላለች ለታ

አሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ የከተማ ውሃ ይጠጣል የሚል ካለ ቨርጂኒያ ገጠር ብቅ ይበል። ከዲሲ ራቅ ሲሉ ግቢው ይሰፋል፣ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ውሃው ደግሞ የራስ ይሆናል፤ ማለትም ከጓሮ ጉድጓድ። በአገሩ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ እንዲህ ነው የሚኖረው። የ1974ቱ የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ እንኳ የግል ጉድጓድን አይመለከትም። ማስመርመሩም ማስጠገኑም የባለቤቱ ዕዳ ነው። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ይህን ስትሰማ፣ «እኔ ጎንደር ቧንቧ አለኝ፤ አልፎ አልፎም ቢሆን ይመጣል። እናንተ ውቅያኖስ ተሻግራችሁ ጉድጓድ ገዛችሁ?» አለች። ምን ይመለሳል?

አንድ ቅዳሜ እንግዶች ተቀምጠው፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ጀበናው ሊሞላ ሲል ውሃው ቀጥ አለ። አበሻ በተሰበሰበበት መቼም መርማሪ አይጠፋም። «ጉድጓዱ ደርቋል፤ ዘንድሮ በረዶ መች ጣለ!» አለ አንዱ። ሌላው፣ «ፓምፑ ተቃጥሏል፤ ሦስት ሺህ ዶላር አዘጋጅ» ሲል ፈረደ። እኔ እስከማውቀው እሱ ከማደያ ፓምፕ በስተቀር ሌላ ፓምፕ ነክቶ አያውቅም።

እናቴ ስኒዎቹን እየደረደረች፣ «ያቺ ጠቅ የምትለውስ ለምን ዝም አለች?» አለች።

የምትተኛው ምድር ቤት፣ ከውሃ ታንኩ አጠገብ ነው። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ የምትሰማው ይህችኑ ጠቅታ ነው፤ ማን ገላውን ዘግይቶ እንደታጠበ ሳይቀር በእሷ ታውቃለች።

ጠቅ የምትለው ፕሬዠር ስዊች ናት። ጡጫ የምታህል ሳጥን ሆና የቤቱን ውሃ ታዛለች። የእኛዋ 40/60 ናት፤ ግፊቱ ወደ 40 ፒኤስአይ ሲወርድ ፓምፑን ታስነሣለች፣ 60 ሲደርስ ታጠፋለች። በመሀል ያለውን ውሃ የሚገፋው ታንኩ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ከጎደለ ስዊቿ ጠቅ ጠቅ ማለት ታበዛለች፤ ፓምፑም ሲነሣና ሲጠፋ ዕድሜው ያጥራል። የእኛዋ ግን ጭራሽ ድምፅዋን አጥፍታለች።

ወረድን። የግፊት መለኪያው ጌጅ ዜሮ ላይ ተጋድሟል፤ ብሬከሩ ግን አልወደቀም። ብሬከሩን አጥፍተን የስዊቿን ክዳን አነሣን። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሞላ ቆመዋል። ከሥራቸው፣ ገጥመው ኤሌክትሪክ በሚያሳልፉት ኮንታክቶች መሀል፣ የተጨፈለቁና የከሰሉ ጉንዳኖች ተነባብረዋል! ኮንታክቶቹ መግጠም አልቻሉም፤ ፓምፑ የሚነሣበት ኃይል ከየት ይምጣ?

«እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር» አለ የማደያው ሊቅ።

«ሦስት ሺሁን ዶላር ታዲያ ለጉንዳኖቹ እንስጣቸው?» አለች እናቴ ከደረጃው ላይ።

ጉንዳኖቹን በወፍራም ወረቀት ጠርገን ብሬከሩን መለስን። ጌጁ ሽቅብ ወጥቶ 60 ሲደርስ፣ ጠቅ! ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። ኮንታክቶቹ ግን ተበልተው ስለነበር በኋላ ስዊቿን ለወጥናት፤ አዲሷ 50 ዶላር አልሞላችም።

የጉድጓድ ውሃ ያላችሁ ወገኖች፣ ውሃ ሲጠፋባችሁ ገንዘብ ከመበደራችሁ በፊት ጌጁንና ስዊቿን እዩ። ክዳኗን ከመንካታችሁ በፊት ግን ብሬከሩን አጥፉ። ውስጧ 240 ቮልት አለ፤ ጉንዳኖቹን ያከሰላቸውም እሱ ነው።