ያልተቆጠረ አይጎድልም

በ2011 ዓ.ም. ክረምት አገራችን የመቁጠር ችሎታዋን ለዓለም አስመሰከረች። ሐምሌ 22 በ12 ሰዓት ውስጥ የተተከለው ችግኝ 353,633,660 መሆኑ ተነገረን። ልብ አድርጉ፤ «ከ350 ሚሊዮን በላይ» ተብሎ አልታለፈም። መጨረሻ ላይ ያለችው ስድሳ እንኳ አልተረሳችም። ገደል አፋፍ ላይ የቆመችው፣ ፍየል ቀድማ የቀመሰቻት፣ ሥሯ ወደ ላይ የተተከለችው ሁሉ መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

ከዚያ አንድ ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ ላይ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አራተኛውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ በድጋሚ አራዝመውት ነበር። ጸጥታው አስተማማኝ አይደለም፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል ተባለ። እውነት ነው፤ ሰው ለቆጠራ አይመችም። ይፈናቀላል፣ ይሰደዳል፣ «ብሔርህ ምንድን ነው?» ሲሉት ይቆጣል። ችግኝ ግን ጨዋ ነው፤ ቢደርቅም የሚደርቀው በተተከለበት ነው።

እኔ ስሌት እወዳለሁና ወረቀት አወጣሁ። ሰዉን ችግኙ በተቆጠረበት ፍጥነት ብንቆጥረው በሰዓት ወደ 29 ሚሊዮን ተኩል ይሄዳል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብንጀምር አምስት ሰዓት ላይ ጨርሰን ለምሳ እንደርስ ነበር። ኬንያውያን ይህ ጥበብ ስለሌላቸው፣ በዚያው ክረምት ነሐሴ ላይ፣ ታብሌት ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰነበቱና 47.6 ሚሊዮን ነን ብለው አረፉት። ታብሌቱንስ እኛም ገዝተናል፤ ያውም ከ100 ሺህ በላይ። የጎደለን የሚበራበት ቀን ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው። በማግስቱ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጺም አቀምቅሞ የምርጫ ካርድ ለማውጣት ይሰለፋል፤ አገሩ ግን አንድም ቀን ቆጥራው አታውቅም። እንዳለ ይገመታል።

ደግሞስ ግምት ምን ነውር አለው? ለ2015 ዓ.ም. የእኛው ስታቲስቲክስ አገልግሎት የተነበየው 107 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዚያው ዘመን ከ126 ሚሊዮን በላይ ናችሁ ይለናል። በመካከሉ ወደ 20 ሚሊዮን ሰው አለ። ሩዋንዳ በ2014 ነሐሴ ሕዝቧን ብትቆጥር 13.2 ሚሊዮን ሆነች። እንግዲህ እኛ በሁለት ሠንጠረዦች መካከል አንዲት ሩዋንዳ ጥለን፣ ለመልስ የሚሆን ሰው ይተርፈናል።

እነዚህ 20 ሚሊዮን ወገኖቻችን እንደ ዛር ናቸው፤ ሲጠሯቸው ይመጣሉ፣ ሲሸኟቸው ይሄዳሉ። የውጭ ባለሀብት ሲጋበዝ «ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ገበያ» እየተባለ ሳሙና ሊገዙ፣ ሲም ካርድ ሊያወጡ ከፊት ይሰለፋሉ። የነፍስ ወከፍ ገቢ በአገር ቤቱ ትንበያ ሲሰላ ደግሞ ድምፃቸውን አጥፍተው ጓዳ ይገባሉ። አካፋዩ ሲያንስ ድርሻው ይወፍራላ!

አንድ ዐውደ ጥናት ላይ አንድ ተመራማሪ በመግቢያው 120፣ መሃል ላይ 107፣ በማጠቃለያው 115 ሚሊዮን አድርጎን አረፈ። በሻይ ሰዓት ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ስንት ነን?» አልኩት። ፈገግ እንኳ ሳይል «ለምንድን ነው የፈለግከው?» አለኝ፤ ልክ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ለቀሚስ ነው ለመጋረጃ ብሎ እንደሚጠይቀው።

ጤና ጣቢያ ድረስ ብትወርዱም በረከቱ አይለያችሁም። የወረዳው ሕፃናት ብዛት ከድሮው ቆጠራ እየተባዛ ስለሚላክ፣ የክትባት ሽፋናቸው ከመቶ በመቶ ያለፈ ወረዳዎች አሉን። ወይ ያልተወለዱትም ተከትበዋል፣ ወይ አንዱ ሁለቴ ተወግቷል። ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው፤ ኩፍኝ ሲገባ የምታለቅሰው እናትየዋ ናት። የክልሎች የድጎማ ቀመርም ከዚያው ጉድጓድ ይቀዳል፤ በሬ ሳይታይ ሥጋው ይከፈላል።

ቆጠራ እኮ መዘዝ አለው። ዳዊት ሕዝቡን አስቆጥሮ 70 ሺህ ሰው በመቅሰፍት አልቆበታል። ባላገሩስ ቢሆን ዓይን ይበላብኛል ብሎ ከብቱን መች ይቆጥራል? በ1999 ደፍረን ብንቆጥር የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘና፣ የጎደሉት የት ገቡ ተብሎ ምክር ቤቱ ታመሰ። ያልተቆጠረ ግን አይጎድልም። ግምት ማንን ከማን ያጣላል? ሁሉም የየራሱን ቁጥር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በሰላም ይገባል።

ክፋቱ፣ አንድ ቀን ቆጠራው መምጣቱ አይቀርም። ታብሌቱ ባትሪው ከያዘ ይበራል፤ ቆጣሪው ወጣት አንድ ግቢ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይወጣሉ።

«ለቆጠራ ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«እሰይ ልጄ፣ ግባ። ሁለቱ ደርቀዋል፤ አንዷ ግን በጓሮ በኩል አለች።»