ስለ ባዶ ረድፎች አስተዳደር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1048576

ኤክሴል ከ2007 እትሙ ወዲህ ለአንድ ሺት 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ የፈቀደ በመሆኑ፤ ከዚህ ሁሉ ርስት ሁለት መቶ ረድፍ እንኳ በወጉ መሙላት ያቃታቸው ቢሮዎች የተረፈውን በቀለም ማልማት በመያዛቸው፤ ፋይሉን በፓይተን የሚያነብ ዜጋም እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር እያደረ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የባዶ ረድፍ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ባዶ» ማለት ባዶ ነው።

3. ክልከላ
1) ማንኛውም ሰው ከመጨረሻው መረጃ በታች ባለ ሴል ምንም ነገር ማስቀመጥ አይችልም።
2) የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ ለማሳመር ሲባል ቢጫ መቀባት ይፈቀዳል፤ ሆኖም፦
ሀ) ቀለሙ ከሰንጠረዡ በታች ከሦስት ረድፍ አያልፍም፤
ለ) ኃላፊው «ደመቅ አድርገው» ብለው ያዘዙ እንደሆነ እስከ አሥር፤
ሐ) ወሩ ሰኔ፣ በጀቱም የሚዘጋ ከሆነ እስከ ሃያ፤
መ) ተ.ቁ. ብቻ ተጎትቶ የወረደበት ረድፍ ሰው እንዳለበት አይቆጠርም፤
ሠ) ኮንትሮልና የታች ቀስት ተጭኖ 1,048,576ኛው ረድፍ ላይ የወደቀ ሠራተኛ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ እዚያ ስፔስ መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው፤
ረ) ጣቱ ሳያውቅ የነካ ይቅርታ ይደረግለታል፤ ሴቭ ያደረገ እንደሆነ ግን ፊደል ሰ ይፈጸምበታል፤
ሰ) ሴቭ ያደረገ እንደሆነ እንግዲህ ምን ይባላል? ያቺ ስፔስ ለዓይን አትታይም። ፓይተን የመጨረሻው ረድፍ (ማክስ ሮው) ስንተኛ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን 1,048,576 ይላል፤ አልዋሸም። ሉፑ ባዶውን ሴል ሁሉ ኖን፣ ኖን፣ ኖን እያለ ሚሊዮኑን ሲወርድ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። እዚያ ሺት ላይ የነበሩት ስሞች የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ቅዳሜ ይገባል የተባለው ደመወዝ ሳይገባ ቀረ፤ በር ላይ ቆመው ሲጠይቁ «ሲስተሙ እምቢ ብሎ ነው» ተባሉ። ሲስተሙ! ሲስተሙማ የተሰጠውን አነበበ። የቤት ኪራይ ለደረሰባት ሴት እውነቱን ደፍሮ የሚነግር አንድ ሰው ጠፋ፤
ሸ) ፊደል ሰ በአዋጅ ቋንቋ ባለመጻፉ ተሰርዟል፤ ይዘቱ ግን የጸና ነው።

4. መርጅ
መርጅ የተደረገ ሴል ዋጋው የሚገኘው በላይኛው ግራ ጥግ ብቻ ነው። ከርዕስ ውጭ ክልክል ነው።

5. ጳጉሜን
5/13/2015 ተብሎ የገባ ጳጉሜን 5 በአሜሪካ አቀማመጥ በተስተካከለ ኤክሴል ሜይ 13 ይሆናል። ጉዳዩ በሌላ አዋጅ ይታያል።

6. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ዛሬ። ፋይሉን የላክኸው ወንድሜ፣ የዲሊት ቁልፍ ጽሑፉን እንጂ ቀለሙን አያነሳም። ከመጨረሻው ስም በታች ያሉትን ረድፎች ራሳቸውን ምረጥ፣ ቀኝ ክሊክ አድርገህ ዲሊት በል፣ ሴቭ አድርግና መልሰህ ላክልኝ። ዛሬ ከሰዓት በፊት ከደረሰኝ ደመወዙን ማታ አስገባለሁ።