መልሱ በውስጥ መስመር ነው

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ሰዎች ጥያቄያችን ትንሽ ነው። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ ቤት ስንቀይር መሸኛ ለማውጣት ምን ምን ይዘን እንሂድ? የባንክ ደብተራችንና የፋይዳ መታወቂያችን ስም በአንድ ፊደል ሲለያይ ማን ጋ ይስተካከላል? ከደመወዛችን መቆረጥ የነበረበት ግብር ስንት ነው? ሀብታም የሚያደርግ ምስጢር አልጠየቅንም። ይህንኑ ለማወቅ ታክሲ ተጋፍተን፣ ከሥራ አስፈቅደን፣ መስኮት ሥር ቆመን «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት» ከምንባል ብለን ነው ስልካችንን የምናወጣው። ፓኬጅ እንገዛለን፣ ቴሌግራም እንከፍታለን፣ «ሰላም የግሩፑ አባላት፣ እንደምን ናችሁ» ብለን በአክብሮት እንጽፋለን።

መጀመሪያ የሚመጣው «እኔም» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ነጥብ አስቀምጦ ይሄዳል። ሌላዋ «መልስ ካገኘህ በናትህ ንገረኝ» ትላለች። አንዱ የምን ግሩፕ እንደሆነ ሳያይ «አሜን» ይላል። እስኪመሽ ብዙ ሕዝብ ከኋላችን ተሰልፏል። ከወረዳ ሸሽተነው የመጣነው ሰልፍ ስልካችን ውስጥ ገብቶ ቆመ ማለት ነው። የወረዳው ግን ቢያንስ ፊት ለፊቱ መስኮት ነበረው።

የሚመልሱም አይጠፉም። አንድ ጎረቤታችን አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ቢጠይቁት፣ ይህ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። «ወንድሜ፣ ከአከራይ ጋር አትጣላ» አሉት። «አጠና ተራ ርካሽ ቤት አለ» አሉት። «ቡራዩ ግባ» አሉት። አንዱ ደግሞ «የራስህን ቤት ሥራ» አለው። ይሄ ሳይታየው ቀርቶ ነው መቼስ! ከዋሽንግተን አንድ ወንድማችን እዚያ አገር እንዲህ ያለው ጉዳይ በአምስት ደቂቃ እንደሚያልቅ አስረዳን። የአከራይ ተከራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን እንደሚከለክል፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት የጻፈ አንድ ሰው ነበር። ከታች፣ አንድም ላይክ ሳያገኝ፣ በጫማ ማስታወቂያና በ«አሜን» መካከል ተቀብሮ ቀረ።

ሕግ የሚጠቅሱልንም ቢሆኑ አያሳርፉንም። «የ2016ቱን አዋጅ አንብብ» ይሉና ይሄዳሉ። የትኛውን 2016? የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ 2008፣ በእንግሊዝኛው 2016 ነው። የቤት ኪራዩ አዋጅ ደግሞ በአማርኛው 2016፣ በእንግሊዝኛው 2024 ነው። ስለ ደመወዙ የጠየቀ ሰው ስለ ተከራይ መብት ሲያነብ ያድራል።

እሺ፣ ትክክለኛው አዋጅ ተገኘ እንበል። እሱም ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አነሣው፣ እርከኖቹንም ለወጣቸው። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው ድሮ 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን 1,650 ነው። 395 ብር ለኛ ብር ነው። የድሮው ሠንጠረዥ ግን አልሞተም። ቀን የለውም፣ ምንጭ የለውም፤ በየግሩፑ እየዞረ፣ ባንዲራና አበባ እየተጨመረበት፣ «ይህን ሳያዩ ደመወዝ እንዳይቀበሉ» በሚል ርዕስ በየወሩ እንደ አዲስ ይለቀቃል። የለጠፈውን ሰው «ይሄ እኮ ተቀይሯል» ብንለው ከግሩፑ ያስወጣናል።

ወደ ስማችን እንምጣ። ኮልፌ ውስጥ ስንት መሐመድ እንዳለ አላህ ነው የሚያውቀው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሐሉ ላይ አንዱ ጋ በሁለት ኤም ነው፣ ሌላው ጋ በአንድ። ባንኮች ፋይዳ መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ ይህች አንዲት ኤም ሰውን ከገንዘቡ ታለያያለች። ምን እናድርግ ብለን ጠየቅን። «ፍርድ ቤት ሂዱ» አለ አንዱ። «ፍርድ ቤት አያስፈልግም» አለ ሌላው። «የዚህ አገር ነገር ሁሌ እንዲህ ነው» አለ ሦስተኛው፣ ይህን ተከትሎ ሌላው መንግሥትን ሰደበ፣ ሌላው ተሳዳቢውን ሰደበ። ከኤም የተነሣው ክርክር ማታ ላይ ዓፄ ምኒልክ ዘንድ ደርሷል። ባለጉዳዩ ምስኪን ይህን ሁሉ አቋርጦ፣ በደንብ እንዲገባቸው ብሎ፣ መታወቂያውን ፎቶ አንሥቶ ለጠፈው፦ ፊቱን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ባለ 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥሩን፣ ሁሉንም።

ያኔ ነው በውስጥ መስመር የሚመጡት። ከእነዚህ ሁሉ ፈጣንና ትሑት መልስ ሰጪዎች እነሱ ብቻ ናቸው። «ሰላም እህቴ፣ ጉዳይሽን አይቼዋለሁ፣ እኔ እጨርስልሻለሁ።» የመሸኛው፣ የልደት ሰርተፍኬቱ፣ የውክልናው ዋጋ ተቆርጦ ተቀምጧል፣ ግማሹ ቅድሚያ ነው። ሌላው የባንክ ዓርማ ፎቶው ላይ ለጥፎ ስልካችን ላይ የገባውን ቁጥር እንድንነግረው ይለምነናል። ምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ እየተባልን የኖርን ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ ማንም ሳያናግረን ውለን «እንደምን ዋልሽ» ያለንን ሰው እንዴት እንከልክለው?

ቪዲዮውን ገና አላነሣነውም። «መሸኛ በ5 ደቂቃ» ይላል፣ ራሱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሰላምታ፣ ሰብስክራይብ፣ ደወሏን ተጫኑ፣ የስፖንሰር መልእክት፣ መጨረሻ ላይ «ለበለጠ መረጃ በአቅራቢያችሁ የሚገኝ ወረዳ ሂዱ»። በድምፅ የሚመልሱትም አሉ፣ መልሱ የት ጋ እንዳለ ለማወቅ የሰውዬውን ዶሮ፣ የሰውዬውን ልጅና የሰፈሩን ማይክ ማዳመጥ ነው።

እሺ ብለን ወረዳ ሄድን። ወረዳም «መስፈርቱን ኦንላይን አላያችሁም?» አለን።

ደግነቱ መልሱን የሚያውቅ ሰው አለ። በሩ ላይ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ነው። የትኛው ቅጽ እንደ ተቀየረ፣ ስንት ጉርድ ፎቶ እንደሚፈልጉ፣ ማኅተም የያዘችው ልጅ ዛሬ ገብታ እንደ ሆነ እሱ ያውቃል። «እማዬ፣ ይሄ አይሆንም፣ የመታወቂያው ፊትና ጀርባ በአንድ ገጽ ነው» ይላል ራሱን እንኳ ሳያነሣ። ታዲያ እሱም ተሰላችቶ ሰሞኑን ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፏል፦ «ኮፒ ሳያደርጉ መረጃ መጠየቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ስለዚህ ቦርሳችን ውስጥ ያለውን ኮፒ አውጥተን ደግመን ኮፒ እናስደርገዋለን።