የሉዊጂ ወገን

ሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ወረዳ ውስጥ፣ ከቻርጀርና ከእጅ ባትሪ መካከል የተሰቀለች አንዲት ቢጫ ጌም አየሁ። መዳፍ ታህላለች፤ 400 ጌም አላት ተባልኩ። ባለሱቁ ከፈት ሲያደርጋት ያ የማሪዮ ሙዚቃ መጣ። አጠገቤ ስኳር የሚያስመዝን ፂሙን ሂና የተቀባ ሰውዬ ዘወር አለና ሳቀ። የእኔ ሶማሊኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የእሱም አማርኛ እንደዚያው። ቢሆንም አውራ ጣቱን በአየር ላይ እየጫነ ዘለለልኝ፤ ተግባባን። የአክስቴ ልጅ እየተገረመች በዛድ ከፈለችልኝ። እዚያ ከሻይ ጀምሮ የሚከፈለው በስልክ ነው።

እኛ ድሬዳዋ ያደግንበት ጌምም በዚሁ መንገድ ሳያልፍ አልቀረም። በርበራ ወርዶ፣ በሐርጌሳ አልፎ፣ በቶጎ ውጫሌ ሾልኮ፣ በጅጅጋ አድርጎ ታይዋን ገበያ የሚደርስ ዕቃ ቀረጥ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። መልኩ ፕሌይስቴሽን፣ ሆዱ ግን ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው የጌም ማሽን፣ የፋሚኮም ቅጂ ነበር። ካሴቱ ላይ 9999999 ጌም ተብሎ ተጽፏል። ወደ ታች ሲወርዱ ያው ማሪዮ ስሙን እየቀየረ ይመጣል። እንዲህ ያለ ድፍረት ያየሁት በምርጫ ቅስቀሳ ብቻ ነው።

እውነተኛው ሱፐር ማሪዮ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ጠቅላላ 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ ዘመድ በቴሌግራም የሚልከው የ«እንኳን አደረሳችሁ» ፎቶ ይበልጠዋል። ቦታ ስላልበቃቸው ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ሥዕል ሠሩት፤ ላይ ሲሆን ነጭ፣ መሬት ላይ ሲሆን አረንጓዴ። ያን ሁሉ ዘመን አፍጥጠን ስናየው ከሰፈራችን ልጆች አንዱም አልነቃ።

የድሮ ጌም የማይሰለቸው ቀላል ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ቀላል? ኮንትራን በ3 ነፍስ የጨረሰ ካለ ወዲህ ይበል። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ ብሎ 30 ነፍስ የሚያስገኘውን ኮድ መጀመሪያ የፈጠረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ ግራዲየስ የተባለውን ጌም ሲያዘጋጅ ለራሱ ስለከበደው። የሠራውን ሰው እንኳ የሚያቅተውን ዓይነት ጌም እኛ ከትምህርት ቤት መልስ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ልንጨርስ እንታገል ነበር። ደግሞ ሴቭ የለም። መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው።

እኔ ምስጢሩ ተራ መጠበቁ ላይ ነው ባይ ነኝ። ማሪዮን ለሁለት ሲጫወቱት ታላቅ ማሪዮ ይሆናል፤ ታናሽ ሉዊጂ። ሉዊጂ እጁን የሚያነሣው ማሪዮ ሲሞት ብቻ ነው። እናም ታናሽ የተባለ ሁሉ ከወንድሙ ጎን በርከክ ብሎ ሞቱን ይማጸናል። እናቴ ከጓዳ ሆና «ሙት! ሙት!» የሚል ድምፅ ስትሰማ ሽንኩርቷን ጥላ ትወጣና «ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብላ ሁለታችንንም በማማሰያ ታሳድደናለች። ወንድሜ ግን አይሞትም። ሰባት ስምንት የጎረቤት ልጅ ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ «ዝለል! ከኋላህ!» ይላል። ከተጫወትነው የጮህነው ይበልጣል።

በቀልም ነበር። በዳክዬ አደኑ ጌም ጠመንጃውን የሚይዘው ታላቅ ነው። ዳክዬዋ አንድ ብቻ በሆነችበት ጨዋታ ግን ሁለተኛው መቆጣጠሪያ ዳክዬዋን ራሷን ይነዳታል! ይህን ያወቅሁ ዕለት ለማንም አልነገርኩም። ወንድሜ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል፤ እኔ መቆጣጠሪያውን ከጋቢው ሥር ደብቄ ዳክዬዋን አሽከረክራታለሁ። ይስታል። የጌሙ ውሻ ከሣሩ ብቅ ብሎ ይስቅበታል፤ ውሻውን ደግሞ መተኮስ አይቻልም። ወንድሜ ጠመንጃውን እፍ ይላል፣ ካሴቱንም አውጥቶ እፍ ይላል። ኒንቴንዶ ካሴት እፍ አይባልም፣ እርጥበቱ ብረቱን ያበላሻል ብሎ አስጠንቅቋል። ካሴቱ የሚሠራለት ወጥቶ ስለተመለሰ እንጂ በትንፋሹ አልነበረም። ለወንድሜ ይህን ንገሩት፤ የዳክዬዋን ነገር ተዉት።

ቢጫዋ ጌም ሸጋ ናት። ግን ለአንድ ሰው ናት፤ አጠገብህ ተቀምጦ ሞትህን የሚመኝ የለም። ስለዚህ ኦሪጅናሉን ከእነጠመንጃው ፍለጋ የምትወጡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጠመንጃው ጥይት አይተፋም፤ ስትተኩሱ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ነጭ ይሆናል፣ አፈሙዙ ያን ብርሃን ያያል። ይህ የሚሠራው ለዚያ ሆዳሙ ቴሌቪዥን ነው፤ በአሁኖቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ላይ ዳክዬዋ አትሞትም። ዕቃ ቤት የቀረውን ቴሌቪዥን እባካችሁ ለቆራሌው አትስጡት።